የምትኩ ድምፅ በኦምዱርማን

ከአሶሳ የወጣሁት እሁድ ምሽት ነው። እናቴን የተሰናበትኳት ቤታችን ሳይሆን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ እሷም ያን ሰዓት ለሞተ ሰው ሰላምታ እየመለሰች ነበር።

እንዲህ ስላችሁ ይቺን ልጅ ስደት አእምሮዋን ነካት እንዳትሉ። አሶሳ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ ግን፣ በተለይ እንደኔ ከበረሃው ማዶ የቀራችሁ፣ ትንሽ ታገሱኝና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ክልሉ ገና አዲስ ነው። እኔ በታይፒስትነት የተቀጠርኩበት ቢሮ ማኅተም ነበረው እንጂ ወንበር አልነበረውም፤ ታይፕ የምመታው ቆሜ ነበር። ከተማው መብራት የሚያገኘው በጄኔሬተር፣ ሲመሽ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። እሁድ ማታ ታዲያ የአገሩ ተወላጅ በርታው፣ የወለጋው ነጋዴ፣ ከመሀል አገር የተመደበው አስተማሪ፣ እንደኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣው፣ ሁሉም ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይጎርፋል። አንዲት ቴሌቪዥን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። የሚጠበቀው ምትኩ ነው።

ምትኩን «ለስላሳው» ይሉት ነበር። ሲዘፍን አይጮህም፣ አይዘልም። ዘመድ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው እግሩን አጣምሮ ወንበር ላይ ቁጭ ይልና ያንጎራጉራል። መሀል ላይ ዘፈኑን ያቆምና ፊት ለፊቱ ያለውን ሕፃን «ስምህ ማነው?» ይለዋል፤ ሕፃኑ ሲናገር ስሙን ዘፈኑ ውስጥ ከትቶ ካቆመበት ይቀጥላል። እንቆቅልሽ ያጫውታል፣ ሽማግሌ ያስቃል። ዝግጅቱን ሲጀምር «እንዴት አመሻችሁ?» ይልና ትንሽ ቆይቶ፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ጥግ ላይ ያላችሁትስ?» ይላል። የአሶሳ ሰው ይህን የሚለው ለእኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከኛ በላይ ጥግ ላይ ያለ ማን አለ? ከኛ ቀጥሎ ኩርሙክ፣ ከኩርሙክ ቀጥሎ ሱዳን ነው። ሲጨርስ ደግሞ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ «ደርባችሁ ውጡ፣ ውጪው ብርድ ነው» ይላል። እኛ በላብ ተጠምቀናል። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ትለብስ ነበር። «የሰው ምክር አይናቅም» ትላለች።

እናቴ ዘይነባ ትባላለች። አባታችን የሞተው ሰፈራ በመጣን በመጀመሪያው ክረምት ነው፤ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ብቻዋን አሳደገችን። ምትኩ «እንዴት አመሻችሁ?» ሲል «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» ብላ ትመልስለት ነበር፣ ጮክ ብላ፣ ሳታፍር። መጀመሪያ ሳቁባት። በኋላ አዳራሹ በሙሉ አብሯት መመለስ ጀመረ።

ሰይድ ምትኩን ያስመስል ነበር። አዘፋፈኑን፣ አቀማመጡን፣ ያቺን አንገት ማዘንበል፣ ሁሉን። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ራሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይሳሳታል። ምትኩ «ቀትር ላይ ልምጣ ወይ፣ ጥላ አለው ወይ ደጅሽ» ብሎ የሚዘፍናትን፣ ሰይድ ገና በልጅነቱ አጥርቶ ሳይሰማ ይዟት «ዱላ አለው ወይ ደጅሽ» ይላታል። ስንት ጊዜ ብናርመው አልተወም።

የክልሉ በዓል ሲከበር ምትኩ ራሱ አሶሳ መጣ። አጠር ያለ፣ የከሳ ሰው ሆኖ አገኘነው፤ ያስለውም ነበር። መድረኩ ላይ ወጥቶ ገና እግሩን ሲያጣምር ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። መብራቱም ማይክሮፎኑም ሞቱ። ያን የሚያህል ሕዝብ ሊጮህ አፉን ሲከፍት፣ ከጨለማው ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። «እንዴት አመሻችሁ? ጥግ ላይ ያላችሁትስ?» ምትኩ ቀስ ብሎ መዝፈን ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ሰውነቴን የወረረኝን ነገር እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ሁለት ምትኩ ሆነ። አንዱ ከመድረኩ፣ አንዱ ከኋላችን ከሕዝቡ መሀል፣ አንድ ዓይነት ድምፅ በጨለማ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት በበርታኛ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ከዚያ ከኋላችን ያለው «ዱላ አለው ወይ ደጅሽ» አለ።

ምትኩ ዘፈኑን አቆመ። «ማነው እዚያ ዱላ የሚጠይቀው?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሰይድን እየገፉ መድረክ ላይ አወጡት። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ምትኩ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ያልኩት ጥላ ነው» አለው። «ያንተ ግን ይሻላል። በቀትር ሰው ደጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስለ ዱላው ቢጠይቅ ይበጀዋል። እንዳትቀይረው።»

ሰይድም አልቀየረውም።

ብዙም ሳይቆይ ምትኩ ሞተ። በሬዲዮ ሰማን። የዚያን እሁድ ሰው ወደ አዳራሹ የመጣው ለለቅሶ ያህል ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን የቆየ ዝግጅቱን አሳየ። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ እግሩን አጣመረ። «እንዴት አመሻችሁ?» አለ። የሚመልስ ጠፋ። እኔ ወለል ወለሉን ነው ያየሁት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» አለች እናቴ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል» አላት አንዱ።

«ቢሞትስ? ሰላምታ ይነፈጋል?»

ከዚያ ወዲያ ዝግጅቱ በተላለፈ ቁጥር ሰዉ ይመልስ ነበር፤ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መስጊድ ውስጥ እንደሚወራው።

ሰይድ ሥራ አጥቶ ወደ ሱዳን የሄደው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ በነጋዴዎች በኩል ደህና ነኝ የሚል መልእክት ላከ። ኋላ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም እናቴ ለቴሌቪዥኑ ሰላምታ መመለሱን አልፋ ትጠይቀው ጀመር። «ልጄን አይተኸዋል?» ትለዋለች፣ ጆሮዋንም ታቀርባለች። አንድ እሁድ ወደ ቤት ስንመለስ «በርዶታል አለኝ» አለችኝ። «ማን?» ብላት «ሰይድ ነዋ» አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ያን ጊዜ ነው ለመሄድ የወሰንኩት። ወንድሜን ካላገኘሁ እናቴንም ላጣ ነው ብዬ።

የወጣሁ ማታ እንግዲህ እንደነገርኳችሁ አዳራሽ ነበረች። ጎንበስ ብዬ «እማዬ፣ አስማ እየጠበቀችኝ ነው» አልኳት። ዓይኗን ከምትኩ ሳትነቅል እጄን ያዘችኝ፣ ሳመችው፣ «አብሽሪ፣ ታገኚዋለሽ» አለችኝ። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል ምትኩም ወደ በሩ የሚያይ መሰለኝ።

አስማ ኩርሙክ የምትነግድ የበርታ ሴት ናት። እንደ ቆዳ የጠነከረ ልብ ያላት፣ ግን ደግ ሴት። የጭነት መኪናው ላይ ጨው ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን ሌሊቱን ስንነጠር አደርን። «ፋጡማ፣ ኬላ ስትደርስ አንተ ዝም በል። እኔ ይናገራል» አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ኩርሙክ ማዶ ያለው የሱዳን መኮንን ግን እኔኑ ጠየቀኝ፤ የገበያ ዐረብኛ አላጣም ነበርና ገባኝ።

«ለምን መጣሽ?»

«ወንድሜን ፍለጋ።»

«ስሙ?»

«ሰይድ።»

«ሰይድ!» አለና ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ ሰይድ ነኝ። ያ ሻይ የሚያፈላው ሰይድ ነው። እስር ቤቱ ውስጥም ሁለት ሰይድ አለኝ። አገኘሽ ማለት ነው፣ ተመለሺ።»

አስማ አንድ ጆንያ ማንጎ አወረደችለት። የአሶሳን ማንጎ አሸተተና «እሺ፣ አምስተኛውን ፈልጊ» ብሎ አሳለፈኝ።

ደማዚን፣ ከዚያ ካርቱም። አሶሳ ሞቃት ነው እያላችሁ የምታማርሩ፣ እባካችሁ አላህን አመስግኑ። እዚህ ፀሐይዋ ትወርድና ሰው ትከሻ ላይ ትቀመጣለች። ኪስራ የሚሉት ስስ ቂጣቸው እንጀራ መስሎኝ ስቆርሰው እንደ ወረቀት ተቀደደ። ሰላምታቸው ደግሞ ከምሳ ይረዝማል፤ የጠየቁሽን ሳትመልሺ ሌላ ይጠይቁሻል። ሐበሻ የሚበዛበት ዴም የሚባል ሰፈር ቤት ስፈልግ ባለቤቱ አራት ግድግዳ አሳየኝ።

«ጣሪያው የታለ?»

«በጋ ነው፤ ጣሪያ ምን ያደርግልሻል?»

«ክረምት ሲመጣስ?»

«ያኔ ኪራይ እጨምራለሁ። ውሃ በነፃ ታገኛለሽ አይደል?»

እዚያው ገባሁ። ቀን ቀን ሰው ቤት አጸዳለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ሰይድን እፈልጋለሁ። ፎቶውን ያላሳየሁት ሐበሻ የለም። በመጨረሻ አንዲት ሻይ ሻጭ የጎንደር ልጅ አወቀችው። «ዘፋኙ! ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን፣ ሸክላ ሠሪዎቹ አካባቢ ነበር የሚኖረው። ከጠፋብኝ ግን ቆየ» አለችኝ።

ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ሁሉም ግንብ አንድ ዓይነት ነው፣ ጭቃ። ሁሉም በር ዝግ ነው። ዓርብ እየጠበቅሁ በር ሳንኳኳ ከረምኩ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሰማዩ በአንድ በኩል ቀይ ግድግዳ ሠራ። ሐቡብ ይሉታል። አቧራው ከተማውን ሊውጥ ሲመጣ ወፍ እንኳ ድምፅ አያሰማም። ሮጬ አንድ አጥር ላይ ተለጠፍኩ፣ ሻሼን አፌ ላይ አሰርኩ። ቀኑ ጠፋ። እጄን ዓይኔ ፊት አድርጌ አላየውም።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው ምትኩን የሰማሁት።

«እንዴት አመሻችሁ?» አለ ከግንቡ ወዲያ። ትንሽ ቆየት አለ። «ጥግ ላይ ያላችሁትስ?»

እናንተዬ! የሞተ መሆኑን አውቃለሁ። አገሩ ሱዳን መሆኑን አውቃለሁ። አፌ ግን ከእኔ ሳይማከር በእናቴ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» አለ። ነፋሱ ያፏጫል፣ እሱ እግሩን እንዳጣመረ በሚታወቅ እርጋታ ይዘፍናል። «ቀትር ላይ ልምጣ ወይ…» አለና፣ «ዱላ አለው ወይ ደጅሽ።»

«ሰይድ!» ብዬ ጮህኩ። አጥሩን በእጄ እየዳበስኩ በሩን አገኘሁት፣ በሁለት እጄ ደበደብኩት። «ሰይድ! ሰይድ! ፋጡማ ነኝ!»

አንዲት ቀጭን አሮጊት ከፈቱና በክንዴ ጎትተው አስገቡኝ። በረንዳው ላይ ኩራዝ አለ። ገመድ አልጋው ላይ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ረጅም ሰው እግሩን አጣምሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ የሌለ ኮት እየቆለፈ ነበር። በአማርኛ «ደርባችሁ ውጡ» አለ። ከዚያ ዞረ።

ሰይድ አልነበረም። በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሱዳናዊ ነው። በእኔ ውስጥ አልፎ የሚያይ ዓይን አለው።

«አትፍሪ፣ ልጄ ኢድሪስ ነው» አሉኝ አሮጊቷ። ሐጃ ሱዓድ ይባላሉ። «ከደቡብ ጦርነት ሲመለስ ምላሱን እዚያ ትቶት መጣ። አንድ ቃል አይናገርም። እኔን እናቱን እንኳ ‹እናቴ› ብሎኝ አያውቅም።»

«አሁን እኮ ተናገረ!»

«የሰይድ ነው እሱ» አሉ።

ስሙን ከአፋቸው ስሰማ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶውን አወጣሁ፤ ተቀብለው ሳሙት። ሰይድ ጀርባው ያለው ክፍል ይኖር ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ኢድሪስ አጠገብ ይቀመጥና እንዳለ የምትኩን ዝግጅት ያሳየዋል፤ ሰላምታውን፣ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን፣ ኮቱን። ኢድሪስ አይስቅም፣ ቃል አይወጣውም፤ ያያል ብቻ። አንድ ቀን ሰይድ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሊቢያ በሚሄድ ሎሪ ተሳፈረ። «እዚያ ደርሼ ለእናቴ እደውላለሁ» ብሎ ተሰናበታቸው።

«በሄደ ማታ፣ በዚያችው ሰዓት» አሉ ሐጃ፣ «ከዚህ በረንዳ ድምፁን ሰማሁ። ተመለሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ልጄ ነበር። ጂን ገባበት ብዬ ቁርዓን ቀርቶ ጂን የሚያስወጣ ፈቂህ አስመጣሁ። ፈቂሁ አዳመጠ፣ አዳመጠና ‹ሐጃ፣ ይህ ጂን ሐበሻ ነው፤ እኔ ቋንቋቸውን አልችልም› ብሎኝ ሄደ።»

ስቄ ጨርሼ ሳለቅስ ራሴን አገኘሁት። እሳቸውም እንደዚያው።

ሐቡቡ አለፈ። አቧራ ለብሰን ቁጭ ብለን ሳለን ሐጃ የሰይድን ክፍል ልከራየው እንደሆነ ጠየቁኝ። ጣሪያ አለው። ኪራዩን ስጠይቃቸው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ የሚያወራው ይህን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አንዱም አይገባኝም። ምን እንደሚለኝ ንገሪኝ። ኪራዬ ይኸው ነው።»

ቃል በቃል ነገርኳቸው። እንዴት አመሻችሁ ይላል። ጥግ ላይ ያላችሁትስ ይላል። ደርባችሁ ውጡ፣ ውጪው ብርድ ነው ይላል። ሐጃ በዚያ ወላፈን ውስጥ ተነሥተው ሄደው ፎጣቸውን ደረቡ።

እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ከኢድሪስ ጋር እቀመጣለሁ። ሲጠይቀኝ እመልስለታለሁ፣ እሱም ከኔ ባሻገር እያየ ይቀጥላል። ሊቢያ ደርሰው የተመለሱትን ሁሉ ስለ ሰይድ እጠይቃለሁ። አንዱ በዚያ ሰሞን መንገድ የሳተ ሎሪ እንደነበረ፣ አንዱ ደግሞ ያ ሎሪ ሌላ እንደነበረ ነገረኝ። ማንም አየሁት አላለኝም።

አንድ ማታ ኢድሪስ ዘፈኑን ጨርሶ ኮቱን ሳይቆልፍ ቆመ። ወደ ግድግዳው ቀርቦ በለሆሳስ፣ በወንድሜ የወሎ አማርኛ «አሸዋው ይበርዳል» አለ። «ውሃው ራቀ እኮ።»

ይህን ምትኩ አልዘፈነውም። እኔም በሕይወቴ ከሰይድ አልሰማሁትም።

«ሐጃ፣ ይህን ሰይድ ይለው ነበር?»

«ይህን የሰማሁት ዛሬ ነው» አሉ ሐጃ። «ምን ማለት ነው?»

ኪራዬን የዚያን ማታ አልከፈልኩም።

ለእናቴ የስልክ ቀጠሮ ያስያዝኩላት በሳምንቱ ነው። ለንግድ ካርቱም መጥታ የነበረችው አስማ መልእክቱን ይዛ ሄደች፤ እናቴ አሶሳ ቴሌ ትጠብቀኛለች። በቀጠሮው ቀን ሐጃ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ኢድሪስን ብቻውን ልተወው አልቻልኩም፤ በእጁ ይዤው ሄድኩ። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች አየን።

«ሁለታችሁም ልትናገሩ ነው?»

«እሱ አይናገርም።»

«የሚስቱ ዕድል!» አለና ወደ ጠባቧ ክፍል አስገባን።

መስመሩ ሲንኮሻኮሽ ቆይቶ «ፋጤ?» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን፣ መንገድ እየተሠራ ስለመሆኑ ነገረችኝ። እኔም ስለ ሥራዬ ነገርኳት። ልትጠይቀኝ የምትፈራውንና ልነግራት የምፈራውን መሀላችን አስቀምጠን በዙሪያው ዞርን። ስለ አሸዋው አፌን አልከፈትኩም።

ድንገት «ከጎንሽ የሚተነፍሰው ማነው?» አለችኝ።

ኢድሪስ ስልኩን እያየ ነበር፤ ስልኩን ራሱን፣ አልፎት ሳይሆን። ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ይዘፍናል ብዬ ጠበቅሁ። አልዘፈነም። እናቴ ትናገራለች፤ ቃሉ አይሰማኝም፣ ድምፅዋ ብቻ ከጆሮው ሥር እንደ ንብ ይነዝራል። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ረጅም ነገር ነው ያወራችው። ኢድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትልቅ ሰው ሲመክረው እንደሚሰማ ልጅ ቆሞ አዳመጠ።

ሠራተኛው መስታወቱን አንኳኳ። ስልኩን ቀስ ብዬ ከእጁ ወሰድኩ።

«እማዬ» አልኩ። «እማዬ፣ እሱ ሰይድ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሰይድ እንዲህ ዝም ብሎ አዳምጦኝ አያውቅም።» ቀጥላም ጠየቀችኝ። «እናት አለችው?»

«አለችው።»

«እንግዲያው ሌላ ቀንም አስፈቅደሽ አምጪልኝ» አለች፣ መስመሩም ተቋረጠ።